የጋሼ ጡሩምባ፦ 16 ተጽፎበት 8 የሆነው ስፒከር

መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁና እንገላገል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዞረኝ የጋሼ ስፒከር ጣጣ በመጨረሻ የተፈታው በአራት ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች ነው፣ ያውም ሁለቱ ከሞተ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ የነቀልኳቸው። ከዛ በፊት ግን ያልሞከርኩት የለም፣ 55 ሜትር የመዳብ ሽቦ በእጄ ጠምዝዣለሁ፣ የውሃ ፓምፕ ካፓሲተር ገዝቻለሁ፣ ጋሼን «ዛሬ አለቀ» እያልኩ ሦስት ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ፣ ሳልፈልግ ነው ግን ውሸት ውሸት ነው።

ጋሼ እዚህ ጅማ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውቱ ኦፕሬተር ነበሩ። አዳራሹ ሲዘጋ የወራት ደሞዝ አልተከፈላቸውም ነበርና በደሞዙ ፋንታ ሁለቱን ስፒከር ጋሪ ላይ ጭነው ወሰዱ፣ ይሄን ታሪክ በነገሩኝ ቁጥር ጋሪዋ የሄደችበት መንገድ ይረዝማል። ስፒከሮቹ ከአስመራ፣ ከቃኘው የመጡ ናቸው ይላሉ፣ ማለትም አሜሪካኖቹ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ከነበራቸው የጦር ሬዲዮ ጣቢያ። እኔ ደሞ አሜሪካ ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ዕቃ ሁሉ ከቃኘው ነው ሲባል ስለሰማሁ አላመንኩም አልካድኩምም። የተጻፈበት ግን እውነት ነው፣ ከላይኛው ድራይቨር፣ ማለትም ድምጹን ከሚፈጥረው ክፍል፣ ጀርባ ላይ አልቴክ ላንሲንግ ይላል፣ ከስሩ 16 ኦም፣ ኦም ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ይቺን 16 ያዙልኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ አልቴክ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶችን የሚያገለግል የቴክኒክ ድርጅት ነበር፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የጄምስ ላንሲንግን ፋብሪካ ገዛና አልቴክ ላንሲንግ ሆነ። ላንሲንግ ራሱ በ1946 ወጥቶ ሌላ ድርጅት አቋቋመ፣ ዛሬ ጄቢኤል የምንለው በስሙ መጀመሪያ ፊደላት የተጠራው እሱ ነው። የኛ ሰው ትልቅ ስፒከር ሲያይ ሞንታርቦ ነው የሚለው፣ የጋሼ ደንበኞችም እንደዛ ነው የሚጠሩት፣ ይሄ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ በመቶ የሚቆጠር ተመልካች ላለው አዳራሽ ንግግር እንዲያሰማ የተሰራ ዘር ነው። ከታች 15 ኢንች ዉፈር፣ ማለትም የወፍራሙ ድምጽ ስፒከር አለ፣ ከላይ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ጡሩምባ፣ ከጡሩምባው ቂጥ ደሞ ኮምፕሬሽን ድራይቨር። ድራይቨሩ ውስጥ ያለችው ዳያፍራም ቀጭን የአሉሚኒየም ጉልላት ናት፣ ጠርዟ ላይ የተጠመዘዘው ሽቦ፣ ኮይሏ፣ ስፋቱ 44 ሚሊሜትር ገደማ፣ በጣት ብትነካት አለቀላት። አንድ ዋት ብቻ ስትሰጠው አንድ ሜትር ላይ ከ100 ዲሲቤል በላይ ያወጣል፣ ለዚህ ነው ድሮ በትንሽ አምፕሊፋየር አዳራሽ ይሞላ የነበረው። በሁለቱ መሀል ክሮስኦቨሩ አለ፣ ከ800 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምጽ ወደ ዉፈር፣ ከዛ በላይ ያለውን ቀጭኑን ወደ ጡሩምባ እያለ የሚያከፋፍል።

የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች አሁን የሉም። ኮምፖንሳቶ ነበሩና የጅማ እርጥበት በላቸው፣ ጋሼ ያኔውኑ ለአንድ አናጺ ልኩን ሰጥተው በዋንዛ አሰሩት። ጅማ ላይ አናጺ መቼም አይጠፋም፣ በርጩማ የሚጠርብ እጅ ሳጥን አያቅተውም፣ የሚገርም ስራ ነው የሰራው። ብቻ በበሩ አልገባ ስላለ የላይኛውን ክፍል ትቶት ጡሩምባው ከሳጥኑ አናት ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያኔ ሳየው ስድብ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ጠቀመኝ።

አቤቱታው እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የግራው ጡሩምባ ድምጽ ጠፋ። ዘመድ አዲስ አበባ ሲሄድ ድራይቨሩንና ክሮስኦቨሩን አስይዘው ላኩት፣ አንድ ቤት ተሰራና ተመለሰ። ጮኸ። ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ጋሼ ደስ አላላቸውም፣ ምኑ እንደሆነ ደሞ መናገር አይችሉም። «ልጄ፣ ይሰማል፣ ግን እሱ አይደለም» ነው የሚሉኝ። አምፕሊፋየሩን ጠረጠርን፣ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ሲዲ ማጫወቻውን፣ ገመዱን፣ ያው። እኔም ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ የማሲንቆው ድምጽ ጆሮ ይበሳል፣ የዘፋኙ ደረት ግን የለም፣ የወንድ ድምጽ ሲሆን ደሞ ይብሳል።

በትክክል የተናገሩት እትዬ ናቸው፣ የጋሼ ባለቤት። ቡና እየቆሉ ከጓዳ ሆነው «እኔ ከዚህ ስሰማው ያኛው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚዘፍን፣ ይሄኛው ግን ሰው ይመስላል» አሉ። የትኛው ያኛው፣ የትኛው ይሄኛው ስላቸው በማማሰያው ጠቆሙ፣ አፍንጫውን የያዘው ግራው፣ ሰው የሚመስለው ቀኙ። እንግዲህ ችግሩ ያለው አንድ ጎን ብቻ ነው፣ ደህናው ጎን ማነጻጸሪያ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምርመራ ማንም አይሰጣችሁም። እኔ ግን ምን አደረግኩ፣ ወደ ክሮስኦቨሩ ሮጥኩ።

ምክንያት ነበረኝ፣ ወይም የነበረኝ መሰለኝ። ጅማ ላይ ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ እኛ ጥገና ቤት ውስጥ የብረት ጠረጴዛው ላይ ውሃ ይቋጥራል። ካፓሲተር ደሞ የሚያረጅ ዕቃ ነው፣ በተለይ ኤሌክትሮላይቲክ የሆነው ውስጡ ይደርቃል። የግራውን ክሮስኦቨር ስከፍተው የኮይሉ፣ የጥምጥም ሽቦው፣ ብሎኖች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል፣ የድሮው ካፓሲተር የቆርቆሮ ጣሳ ነው፣ አንድ ጠርዙ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ወዝቷል። በቃ አገኘሁት አልኩ። በቴስተር ስለካው እኮ ዋጋው ከሞላ ጎደል ደህና ነበር፣ 9 ማይክሮፋራድ ገደማ። ቴስተሩ ደህና ነው እያለኝ እኔ አላመንኩትም፣ ወዝቷላ!

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ፣ ማለትም አንድ ካፓሲተርና አንድ ኮይል ያለው፣ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር 12 ዲሲቤል የሚቆርጥ፣ በተለመደው በተርዎርዝ አሰራር ካፓሲተሩ 0.1125ን ለኦምና ለሄርዝ ብዜት ስታካፍለው ነው የሚወጣው፣ ኮይሉ ደሞ 0.225ን በኦም አባዝተህ ለሄርዝ ስታካፍል። ለ16 ኦም በ800 ሄርዝ 8.8 ማይክሮፋራድና 4.5 ሚሊሄንሪ ይመጣል። ፊልም ካፓሲተር በዚህ መጠን ጅማ ላይ ፈልጌ አጣሁ፣ አዲስ አበባም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን አንድ የማውቀው ነገር ነበር፣ የውሃ ፓምፕና የቬንትሌተር ሞተር የሚሰራበት ካፓሲተር ውስጡ ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው፣ ለድምጽ በጣም ጥሩ ነው፣ 450 ቮልት ስለሚችል ደሞ ስፒከር ላይ እድሜ ልኩን ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ሁለት አይነት ነው ያለው። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚሰራው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሆነውና ቁጥሩ ከመቶ በላይ የሚሄደው፣ ኤሌክትሮላይቲክ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ሞተሩ እስኪጠፋ አብሮ የሚሰራው ነው የሚፈለገው። ከአሮጌ ፓምፕ ከነቀላችሁት ደሞ መጀመሪያ በሬዚስተር አራግፉት፣ እኔ አንድ ጊዜ ሳላራግፍ ይዤው ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነው የደነዘዘው። ባለ 8 አንድ ገዛሁ፣ ከላዩ ትንሽ ጨማመርኩበትና 8.8 ደረሰ።

ኮይሉ ነው ሞኝነቴ። ኮይል እንደ ካፓሲተር አያረጅም፣ ሽቦው ካልተበጠሰ ወይ ካልተቃጠለ ሽቦ ሽቦ ነው። ግን ከጀመርኩ አይቀር አልኩና ሞተር የሚጠመዝዝ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ፣ የቡና መፈልፈያና የወፍጮ ሞተር ነው ሲጠመዝዝ የሚውለው፣ አንድ ሚሊሜትር ላኬ የተቀባ ሽቦ ሁሌም አለው። በ5 ሳንቲሜትር ቱቦ ላይ፣ በ2.5 ሳንቲሜትር ወርድ፣ 280 ዙር። መቁጠሪያዋ ማሽን ሰው ስለያዛት በእጅ ነው የጠመዘዝነው፣ እኔ እያዞርኩ እሱ እየቆጠረ፣ 170 ላይ ስልክ ደወለለትና አንስቶ አወራ። ሲመለስ «ስንት ላይ ነበርን?» አለኝ። ፈትተን እንደገና። ወደ 55 ሜትር ገደማ ሽቦ፣ 400 ግራም አካባቢ መዳብ። የተጠናቀቀው ነገር ሲያምር ግን አይጣል ነው፣ እንደ ትንሽ ድፎ ዳቦ።

ገጠምኩ። ከፈትን። እትዬ ከጓዳ «እንዴ፣ አሁንም እኮ ይዞታል» አሉ።

እዚህ ጋ ነው ቁጭ ያልኩት። አዲስ ካፓሲተር፣ አዲስ ኮይል፣ ያው ድምጽ፣ ፍጹም ያው። እንደዛ ከሆነ የድሮዎቹም ምንም አልነበሩም ማለት ነው። ጋሼ ቡና አቀረቡልኝ፣ ምንም አላሉም፣ ምንም ባለማለታቸው የበለጠ አፈርኩ። ቴስተሩን አነሳሁና መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፣ ገመዱን ከድራይቨሩ ነቅዬ ድራይቨሩን ብቻ ለካሁ። ግራው 5.9 ኦም። ቀኙ 10.7።

ኦም ስንል ቴስተር የሚያሳየው የሽቦውን የዲሲ ተቃውሞ ነው፣ ስፒከሩ ላይ ከተጻፈው ሁሌም ያንሳል፣ የ8 ኦም ድራይቨር 5 ወይ 6 ያነባል፣ የ16ቱ 10 ወይ 11። እና ግራው 16 ብሎ የተጻፈበት 8 ነው! ሌሊቱን ድራይቨሩን ይዤ ሄጄ ከፈትኩት፣ የጀርባ ክዳኑን ሳነሳ ዳያፍራሟ አዲስ ናት፣ ጠርዟ ላይ በስክሪብቶ 8 ተብላ ተጽፋለች። አዲስ አበባ የሰራው ሰው የተቃጠለችውን አውጥቶ ያገኛትን ከቶባት፣ ክዳኑን መልሶ ዘግቶ፣ ክዳኑ ደሞ 16 ይላል። ስራው ንጹህ ነው፣ ኮይሏ መሀል ላይ ነው የተቀመጠችው፣ አትፋተግም። ብቻ አልተናገረም። ሌላም ነገር አድርጓል፣ ክሮስኦቨሩ ላይ የነበረውን የጡሩምባውን ድምጽ መቀነሻ መዞሪያ ዘግቶታል፣ በቀጥታ በገመድ አልፎታል። የዛገ ስለሆነ ይሆናል፣ ቀኙም ላይ ቢሆን እየተንጫጫ በግድ ነው የሚዞረው። በነገራችን ላይ ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ በፕላስተር ማጣበቂያው በኩል ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው፣ በምንም አይነት መንፋት አይደለም፣ ብትነፋው ይገባል እንጂ አይወጣም።

አሁን ምን እየሆነ እንደነበር ግልጽ ነው። ማጣሪያው 16 ይጠብቃል፣ 8 ያገኛል። የሚቆርጥበት ቦታ ራሱ አይሄድም፣ እሱን የሚወስኑት ኮይልና ካፓሲተሩ ናቸው፣ የሚበላሸው የአቆራረጡ ቅርጽ ነው። በትክክለኛው ጭነት፣ ማለትም በሚጠብቀው ኦም፣ 800 ሄርዝ ላይ 3 ዲሲቤል ነው መቀነስ ያለበት፣ ጭነቱ በግማሽ ሲሆን እዛው ቦታ 9 ዲሲቤል ይቀንሳል። በሌላ በኩል ደሞ ያው ቮልት በግማሽ ኦም ላይ እጥፍ ዋት ስለሚሰጥ ከላይ ያለው በሙሉ 3 ዲሲቤል ይጨምራል። ከ800 ሄርዝ ጀምሮ ሽቅብ ያለው ሰፈር የሰው ድምጽ ቃና የሚቀመጥበት ነው፣ እዛ ጉድጓድ፣ ከላይ ጩኸት፣ መቀነሻ መዞሪያውም የለም። አፍንጫን መያዝ ማለት ይሄ ነው። እኔ የጠመዘዝኩት ኮይል ለምን ምንም እንዳልለወጠም ይሄው፣ ለ16 ነዋ ያሰላሁት፣ ስህተቱን በአዲስ መዳብ ደገምኩት።

ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ትክክለኛዋን የ16 ኦም ዳያፍራም ማስመጣት፣ ይሄ ከውጭ ነው፣ ወጪውም ጊዜውም የጋሼ አቅም አይደለም። ሁለተኛው የግራውን ማጣሪያ ለ8 ማሰላት፣ 17.6 ማይክሮፋራድና 2.25 ሚሊሄንሪ፣ ማለትም እንደገና ጠምዝዝ። ይሄ ይሰራል፣ ስህተት የለውም፣ ግን ግራና ቀኝ የተለያየ ክሮስኦቨር ሊኖራቸው ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው ማን ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እውነተኛዋ ዳያፍራም የተገኘች ቀን ደሞ ሁሉንም መልሶ ማፍረስ ነው። ሞተር ጠምዛዡ ጓደኛዬ ይሄን ነበር የወደደው፣ ሽቦ ሊሸጥልኝ!

ሦስተኛው ሌሊት ላይ መብራት ጠፍቶ በሻማ ወረቀት ላይ ስጫጭር ነው የመጣልኝ፣ ምናልባት መብራት ኖሮ ቢሆን ሶልደር አንስቼ ሌላ ጥፋት እሰራ ነበር። ጡሩምባው ለማንኛውም ከዉፈሩ በጣም ይጮሃል፣ በሬዚስተር መቀነሱ አይቀርም። መቀነሻው ሲሰላ ማጣሪያው የሚያየው ጭነት 16 እንዲሆን አድርጌ ባሰላውስ? 8ቱ ድራይቨር ላይ 15 ኦም ጎን ለጎን ሳስር 5.2 ይሆናል፣ ከፊቱ 10 ኦም ሳስቀድም 15.2፣ ማጣሪያው 16 ያገኘ ይመስለዋል። ድራይቨሩ የሚደርሰው ቮልት ከሙሉው 9.3 ዲሲቤል ያንሳል፣ ግን 8 በመሆኑ 3 ዲሲቤል ስለሚበልጥ ከድሮው 16 አንጻር የቀነሰው 6.3 ብቻ ነው። ለቀኙ፣ ለእውነተኛው 16፣ ያው 15 ጎን ለጎን፣ ከፊት 8.2፣ ጭነቱ 15.9፣ ቅነሳው ያው 6.3። ሁለቱ ጎን በአንድ አይነት ድምጽ፣ በአንድ አይነት ክሮስኦቨር፣ የድሮው ካፓሲተርና ኮይል ሳይነካ።

አንድ ሰው ለምን ዝም ብለህ 8 ኦም ከፊት አታስቀድምም፣ 8 እና 8 አስራ ስድስት አይደል ሊለኝ ይችላል፣ ልክ ነው፣ እሱም ይሰራል። ግን የድራይቨር ኦም ቁጥሩ እንደተጻፈው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጡሩምባ ላይ ሲሆን በየድግግሞሹ ይወጣል ይወርዳል። ከፊት ብቻ ሬዚስተር ካለ ኦሙ በወጣበት ሁሉ ድምጹም አብሮ ይወጣል። ጎን ለጎን ያለው 15 ያንን ያለዝበዋል፣ ማጣሪያውም የሚያየው ጭነት ይረጋጋል።

ሬዚስተሮቹ 10 ዋት የሚችሉ፣ ነጭ የሲሚንቶ አይነት ናቸው። ሁለቱን ከድሮ ቴሌቪዥን ቦርድ አገኘሁ፣ ሁለቱን እዚሁ ጅማ መርካቶ ገዛሁ፣ የአራቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። ከገጠምኩ በኋላ ቴስተሩን ከሬዚስተሮቹ ፊት አድርጌ ሁለቱንም ለካሁ፣ ግራ 14.2፣ ቀኝ 14.4። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳይ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም፣ ለባለቤቴ ነግሬያት «እሺ» ብቻ ነው ያለችኝ።

የድሮውን ኮይል መለስኩ፣ የወዛው የካፓሲተር ጣሳ ግን አላስተማመነኝም፣ እሱን በፓምፕ ካፓሲተሩ ተክቼ ተውኩት፣ ቀኙንም እንደዛው፣ እንዳይለያዩ። ዉፈሮቹን ሳወጣቸው የአንዱ ወረቀት ላይ አይጥ የበላችው የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፣ በሶፍትና በውሃ በቀጠነ ኮላ ለጠፍኳት፣ ከፊትም ከኋላም። ሁለቱንም ስመልሳቸው አናታቸውን ወደ ታች አዞርኳቸው፣ ይሄ ሁሉ ዓመት ባንድ በኩል ተንጠልጥሎ የቆየ ከባድ ኮን ወደ ታች ዝቅ ይላል፣ ሲገለበጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል። አቅጣጫቸውን ደሞ በ1.5 ቮልት ባትሪ አየሁ፣ ፖዘቲቩን ቀዩ ላይ ስነካ ሁለቱም ወደ ውጭ ወጡ፣ ደህና። ይሄን ሁሉም ላይ አትመኑ ግን፣ የድሮ ጄቢኤል ተገላቢጦሽ ነው፣ ቀዩ ላይ ፖዘቲቭ ስትሰጠው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጡሩምባውን በጣቴ ስመታው እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ቀጭን አሉሚኒየም ነው፣ ማስተጋባቱ ከሙዚቃው ጋር ይደባለቃል። አሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ቆራርጬ ከውጭ በኩል በማስቲሽ ለጠፍኩበት፣ ውስጡን በፍጹም አትንኩ፣ የድምጹ መንገድ ነው። ስመታው አሁን «ዱብ» ነው የሚለው። ሲያዩት አስቀያሚ ነው፣ ጋሼ ትንሽ ቅር አላቸው፣ ከኋላ ስለሆነ አይታይም ብዬ አሳመንኳቸው።

የቀረው ጡሩምባውን ቦታ ማስያዝ ነበር። እዚህ ላይ ነው የአናጺው ስህተት የጠቀመኝ፣ ጡሩምባው ከሳጥኑ አናት ላይ ልቅ ስለሆነ ወደፊት ወደኋላ ይገፋል። 800 ሄርዝ ላይ አንድ የድምጽ ሞገድ 43 ሳንቲሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ 20 ሳንቲሜትር መሳሳት ማለት ዉፈሩ ሲገፋ ጡሩምባው እየሳበ ነው፣ ተጠፋፉ። ዘዴው ቀላል ነው፣ የጡሩምባውን ሁለት ገመዶች አውቃችሁ ትገለብጣላችሁ፣ ከስልክ 800 ሄርዝ ድምጽ ታስለቅቃላችሁ፣ ሌላ ስልክ ላይ የድምጽ መለኪያ ከፍታችሁ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዛ ጡሩምባውን ቀስ እያላችሁ መግፋት። የሆነ ቦታ ላይ ድምጹ ጭልጥ ብሎ ይወርዳል፣ እዛ ላይ ሁለቱ እኩል እየደረሱ በተቃራኒው እየሰሩ ነው። ቦታውን ምልክት ታደርጉና ገመዱን ትመልሱታላችሁ። የጋሼው 9 ሳንቲሜትር ወደኋላ ሄደ። የስልክ ማይክ የላቦራቶሪ ዕቃ አይደለም፣ ግን እዚህ የምንፈልገው የት ጋ እንደወረደ ብቻ ነው፣ እሱን በደንብ ያሳያል። ስራውን የሰራነው ቡና ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ጠዋት ላይ ነው፣ «ኡኡኡ» የሚለው ድምጽ ሰፈሩን ስላስጨነቀው ጎረቤት መጥታ ሰው ሞተ ወይ ብላ ጠየቀች።

መጀመሪያ የግራውን ብቻ ከፈትኩ። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው መሀል ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያየሁት ግን ጓዳውን ነው። የሲኒው ኳኳታ ቆመ፣ እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወጡና ጡሩምባውን አዩት፣ ከዛ እኔን። «ለቀቀው» አሉ፣ ተመልሰው ገቡ። ጋሼ ሳቁ። ከዛ ሁለቱንም ከፈትኩት፣ ዘፋኙ ከሁለቱ ሳጥን መሀል፣ የቢራ ሳጥን የተደረደረበት ጋ ቆመ።

የቀረ ነገር አለ። ከፍተኛው ጫፍ ላይ፣ የጸናጽል አይነት ድምጽ ላይ፣ ግራው ከቀኙ ትንሽ ይለያል፣ ዳያፍራሟ የድሮዋ አይደለችምና ይሄን በሬዚስተር አላስተካክለውም። ጋሼ አይሰሙትም፣ እኔ ግን አሁን ስለማውቀው ይሰማኛል። የግራው ክዳን ላይ በማርከር 8 ብዬ ጽፌያለሁ፣ 16ቱን ሰርዤ፣ ከውስጥ ደሞ የአራቱን ሬዚስተር ስዕል በወረቀት ለጥፌያለሁ፣ የ16ቷ ዳያፍራም ከመጣች የግራውን 10 በ8.2 መቀየር ብቻ ነው።

ኮይሏ፣ 280 ዙሯ፣ አሁን ጋሼ ጋ ናት። ገንዘብ የወጣባት ስለሆነ ልጥላት አልቻልኩም፣ «ምን ላድርጋት» ስላቸው ተቀብለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጧት፣ የዱቤ ወረቀቶች እንዳይበሩ ትጫናለች።